ከመደርደሪያው ይልቅ ግቢው፦ በደሴ ስላለ አንድ የተፈጥሮ ምግብ ሱቅ

ደሴ ላይ የተፈጥሮ ምግብ ለመግዛት የግድ ልዩ ሱቅ አያስፈልግም። ከኩታበር፣ ከደሴ ዙሪያና ከተሁለደሬ የሚመጣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ተልባ፣ ማርና ቅቤ በሰኞ ገበያ በየሳምንቱ ይገኛል፤ ብዙው ቤተሰብም ሽሮውንና በርበሬውን እስከ ዛሬ ድረስ በቤቱ አዘጋጅቶ ያስፈጫል። ስለዚህ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ በበሩ ላይ «የተፈጥሮ ምግቦች» ከሚል ጽሑፍ በቀር ሌላ ስም የሌለው ሱቅ መከፈቱን የሰማ ሰው፣ ገበያ ውስጥ በርካሽ የሚገኘውን ነገር በሚያምር ብልቃጥ አድርጎ አስወድዶ የሚሸጥ ሌላ ቤት ተጨመረ ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ሱቁን በደንበኝነት ስመላለስበት ከቆየሁና ቅዳሜ ቅዳሜ በጓሮው በሚደረጉት የመማማሪያ ዝግጅቶች ከተካፈልኩ በኋላ የደረስኩበት ፍርድ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ይህ ቤት ከመደርደሪያው ይልቅ ግቢው ይበልጣል፤ መደርደሪያውም ግቢው የሚያስተምረውን ያህል ጥንቃቄ ቢኖረው ኖሮ ያለ አንዳች ማመንታት ለሁሉም ሰው በመከርኩት ነበር።

ከዕቃው ልጀምር። በእያንዳንዱ ጆንያ አፍ ላይ በእጅ የተጻፈ ካርቶን ተሰክቷል፤ እህሉ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ፣ የየትኛው ዓመት ምርት እንደሆነ፣ የተፈጨ ከሆነም መቼ እንደተፈጨ ይገልጻል። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሸማች ከገበያ ሊያገኘው የማይችለው ዋናው ነገር ይኸው ነው። ተልባን ብንወስድ፣ በፍሬው ሳለ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን ቅባቱ ከአየር ጋር ስለሚገናኝ ቶሎ ይበላሻል፣ ይመራልም። በዚህ ሱቅ ተልባ ተፈጭቶ አይቀመጥም፤ ገዢው ሲጠይቅ በዚያው ሰዓት በትንሽ ወፍጮ ይፈጭለታል፤ ለአንድ ሳምንት ከሚበቃው በላይ እንዳይወስድም ይመከራል። ብዙ መሸጥ የሚፈልግ ነጋዴ እንዲህ ያለ ምክር አይሰጥም።

ስለ ሽሮው ጥቂት ዘርዘር ማድረግ ይገባል። ጓያ ድርቅን የሚቋቋምና ዝናብ ባጠረበት ዓመትም ፍሬ የሚሰጥ ጥራጥሬ በመሆኑ በክልላችን በስፋት ይዘራል፤ ዋጋው ከሽምብራና ከአተር ስለሚያንስም ከሽሮ እህል ጋር የሚቀላቅሉት አሉ። በውስጡ ያለው ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር፣ ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ፣ እግርን ለዘለቄታው ሽባ የሚያደርግ በሽታ ያስከትላል፤ መዘፍዘፍና ውሃውን መድፋትም ጉዳቱን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ይህ ማለት አልፎ አልፎ በትንሹ የበላ ሰው ይታመማል ማለት አይደለም፤ ሆኖም ገዢ የሚገዛው ነገር ምን እንደሆነ የማወቅ መብት አለው። የጓያ ፍሬ ማዕዘን ያለው ስለሆነ ዓይን የለመደ ሰው በፍሬው ሳለ ከሽምብራና ከአተር ለይቶ ያውቀዋል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን ማንም አይለየውም። ሱቁ ሽሮው የተዘጋጀበትን እህል ሳይከካ በፊት እንደነበረ በሰሃን አድርጎ ከዱቄቱ አጠገብ ያስቀምጣል። በቤቷ ማሰናዳት የማትችል ሠራተኛ እናት ይህን አይታ ለልጆቿ ሽሮ ስትገዛ ልቧ ያርፋል። በሱቁ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ ያመሰገንኩት ይህን ነው።

አትክልቱ ላይ የሚያደርጉት ጥንቃቄም ከዚህ አያንስም። ቦርከና ከደሴ ተራሮች ተነሥቶ፣ ከተማችንን አቋርጦ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ከዚያም በጨፋ ረግረጋማ ሜዳ በኩል ወደ አዋሽ ያመራል። ከደሴ የሚጣለው ቆሻሻ፣ ከኮምቦልቻ የሚወጣው የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ከዚህ ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ በዳርቻው ያለ ገበሬ ደግሞ ሌላ አማራጭ ስለሌለው በዚያው ውሃ ሰላጣ፣ ቆስጣና ካሮት ያለማል። አትክልቱ ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። እኛ ወንዙ ውስጥ የጣልነውን ሌላ ሰው ወስዶ የሚያስቀርልን ይመስለናል፤ እውነቱ ግን በሰሃናችን ተመልሶ መምጣቱ ነው። ሱቁ ከቦታው ስም ቀጥሎ «የምንጭ ውሃ»፣ «የጉድጓድ ውሃ» ወይም «የዝናብ» ብሎ ይጽፋል፤ በቦርከና የለማ አትክልት እንደማይቀበልም ለጠየቀ ሁሉ ይናገራል። ውጤቱ የአትክልቱ ዓይነት ጥቂት፣ በበጋ ወራትም ቅርጫቱ ብዙ ጊዜ ባዶ መሆኑ ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ ደንበኞች አጋጥመውኛል፤ እኔ ግን ባዶ ቅርጫት ማየቱን እመርጣለሁ።

ሌላው ያስደሰተኝ «ኦርጋኒክ» የሚለውን ስም እንደፈለጉ አለመለጠፋቸው ነው። አገራችን በ1998 ዓ.ም. የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 ስታወጣ፣ ይህ ስም ማረጋገጫ የሚጠይቅ እንጂ ማንም ለማሻሻጫ የሚጠቀምበት እንዳይሆን አስባ ነው። ከደሴ ዙሪያ የሚመጣ ገብስ አብዛኛው ያለ ኬሚካል መድኃኒት የሚበቅል ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ማሳው ዩሪያ ተደርጎበት እንደሆነ ሳያረጋግጡ በሙሉ አፍ መናገር ሐቀኝነት አይደለም። የሱቁ ሰዎች ገበሬው የነገራቸውን እንደ ነገራቸው ይጽፋሉ፤ የማያውቁትን ቦታ ባዶ ይተዉታል።

ማሸጊያን በተመለከተ ሱቁ ከሕጉ ቀድሞ ሄዷል ማለት ይቻላል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ፌስታሎችን ለማምረትም ሆነ ወደ አገር ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ደንግጎ ነበር፤ ስስ ፌስታል ግን ከዚያ ወዲህም ለዓመታት በየሱቁ ሲታደል ኖሯል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። እዚህ ቤት ፌስታል ከመጀመሪያውም የለም። ደንበኛው ዘንቢሉን፣ ለኑግ ዘይት ጀሪካኑን፣ ለማር ክዳን ያለው ብልቃጡን ይዞ ይመጣል፤ ዕቃው ባዶውን ይመዘንና ክብደቱ በላዩ ላይ ስለሚጻፍ በሚቀጥለው ጊዜ ክርክር አይነሣም። ዕቃ ሳይይዝ የመጣ ሰው የጨርቅ ከረጢት በመያዣ ይሰጠዋል፤ ሲመልስ ገንዘቡ ይመለስለታል። አያቶቻችን ገበያ ሲሄዱ አገልግልና ስልቻ ይዘው ይወጡ ስለነበር በዚህ ውስጥ አዲስ ነገር የለም፤ ሱቁ የሠራው ያንን ልማድ ለዛሬ ሥራ የሚበዛበት ሰው እንዲመች አድርጎ ማደራጀት ነው።

ወደ ግቢው ልለፍ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከአስር ሶላት መልስ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለው ጓሮ ሰው ይሰበሰባል። መግቢያ አይከፈልም፤ ዕቃ ግዙ ተብሎም አይጠየቅም። ቡና ይፈላል፤ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ በሶና የገብስ ዳቦ ይቀርባል። የሚቀርበው ምግብ ሁልጊዜ የጾም ነው፤ በዚህም ምክንያት የእርድ ጥያቄ አይነሣም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ገበታ ይቆርሳል፤ በረመዳን ወር ደግሞ ዝግጅቱ ከኢፍጣር በኋላ ይሆናል። ይህን ማንም በማስታወቂያ አልጻፈውም፤ ወሎ ለዘመናት የኖረበት ሥርዓት ነውና ማስታወቂያ አላስፈለገውም። ሰሃኑና ስኒው ከሰፈሩ ቅሬ፣ ማለትም ከዕድሩ፣ በውሰት የሚመጣ በመሆኑ አንድም የሚጣል ዕቃ የለም። የቅሬ ዕቃ የሐዘን ዕቃ ነው ብለው የተቃወሙ እንደነበሩ ሰምቻለሁ፤ የቅሬው ሽማግሌዎች ግን ታጥቦ በቁጥር እስከተመለሰ ድረስ ይሁን ብለው ፈቅደዋል። ስለ አረንጓዴ ኑሮ ብዙ ሰበካ ሰምቻለሁ፤ ብዙ መቶ ሰሃን ያለው ማኅበር በየሰፈሩ እያለ ለግብዣ የፕላስቲክ ሰሃን መግዛት እንደማያስፈልግ በተግባር ሲታይ ያየሁት ግን እዚህ ነው።

ከዝግጅቶቹ ሁሉ ጠቃሚው የብስባሽ ማዘጋጃ ትምህርቱ ነው። ከቤታችን የሚወጣው ቆሻሻ ትልቁ ድርሻ የሚበሰብስ ነው፤ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ። ይህ በፌስታል ታስሮ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲቀበር አየር ስለማያገኝ ሚቴን የተባለውን ጋዝ ያመነጫል፤ አየር እያገኘ ሲበሰብስ ግን መልካም አፈር ይሆናል። አስተማሪው ግብርና ላይ የሠሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ንግግራቸውን የሚያስረዝሙ ሰው አይደሉም፤ አካፋውን ይዘው እያሳዩ ያስረዳሉ። ሦስት እጅ ደረቅ ነገር፣ ይኸውም ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀደደ ካርቶን፣ ከአንድ እጅ እርጥብ ጥራጊ ጋር በየተራ ይነጠፋል፤ በእጅ ሲጨመቅ ከጠብታ በላይ ውሃ እንዳይወጣው ሆኖ ይርሳል፤ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይገለበጣል። ሥጋ፣ ቅቤና ዘይት አይጨመርበትም፤ አይጥና ውሻ ይጠራልና። ክምሩ በደንብ ከተሠራ መሐሉ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚግል የአረም ዘር ይሞታል።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳማ ከተማ በመሆኗ ብስባሹ ቶሎ አይደርስም፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ውርጭ ሥራው ይቆማል ማለት ይቻላል። አስተማሪው ለዚህ የሚሰጡት መፍትሔ ክምሩን ትልቅ ማድረግ፣ ቢያንስ በየአቅጣጫው አንድ ሜትር፣ እና በአሮጌ ጆንያ መሸፈን ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ እዚያ ያለ ሰው በግማሽ ያህል ጊዜ ሊጨርስ እንደሚችል፣ በአንጻሩ ግን ክምሩ እንዳይደርቅበት ውሃ ደጋግሞ ማርከፍከፍ እንዳለበት ይናገራሉ። እንዲህ ከቦታው አየር ጋር የተዛመደ ትምህርት በወረቀት ታትሞ ከሚታደለው መመሪያ እጅግ ይበልጣል። ጓሮ ለሌላቸው የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችም በቀዳዳ ባልዲ የሚሠራበትን ዘዴ አሳይተዋል፤ የተዘጋጀውን ብስባሽ ወደ ሱቁ ያመጣ ሰው በምትኩ የጎመን ወይም የሰላጣ ችግኝ ይወስዳል።

የዘር ልውውጡ ከበልግና ከመኸር መዝሪያ ወራት በፊት የሚደረግ ነው። ሰው ከቤቱ ያስቀመጠውን የጎመን፣ የዱባ፣ የባቄላ፣ የገብስ ዘር በእፍኝ በእፍኝ ይዞ ይመጣል፤ የሌለውን ይወስዳል። በ1977ቱ ረሃብ ብዙ የወሎ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ጭምር ለመብላት እንደተገደደ ለሚያስታውስ ሰው፣ ይህ ዝግጅት ከጊዜ ማሳለፊያ ያለፈ ትርጉም አለው፤ ከአንድ አካባቢ አንድ ዘር ከጠፋ፣ ለዚያ ብርድና ለዚያ አፈር የተስማማው የብዙ ትውልድ ምርጫ አብሮ ይጠፋል። አንድ ወጣት የሱቁ ሠራተኛ በሰሃን ላይ የነበረውን ነጭ ገብስ አንሥቶ «እማማ፣ ይሄስ ለበሶ ይሆናል?» ብሎ ከጎኑ የተቀመጡትን እናት ሲጠይቃቸው፣ ፍሬውን በጣታቸው አሸት አሸት አድርገው «የለም ልጄ፣ ይኸ የቆሎ ነው፤ የበሶው ይወፍራል» ሲሉት ሰምቻለሁ። እርሱም ወዲያው ካርቶኑን አውጥቶ ጻፈው። የእንዲህ ያሉ እናቶች እውቀት በየቤቱ ተቀብሮ እንዳይቀር መደረጉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የሚጻፈው ሁሉ በየካርቶኑ ተበታትኖ ከመቅረት በአንድ መዝገብ ቢሰበሰብ ይሻል ነበር፤ ይህን ለባለቤቶቹ ነግሬያቸዋለሁ።

የችግኝ ተከላውን በአጭሩ ላንሣ። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ችግኝ መትከል በአገር ደረጃ የሚደረግ በመሆኑ በዚህ ረገድ ሱቁ የተለየ ነገር ሠራ አልልም። የሚለየው ክትትሉ ነው። የሚታደለው ችግኝ ባሕር ዛፍ አይደለም፤ ወይራ፣ የአበሻ ጽድና ኮሶ ነው፤ ችግኝ የወሰደ ሰውም ስሙንና የተከለበትን ቦታ ያስመዘግባል፣ በጥር ወር ተመልሶም ችግኙ መጽደቁን ወይም መድረቁን ይናገራል። የደረቀበት ሰው አይወቀስም፤ ለምን እንደደረቀ በጋራ ይመከራል።

ቅሬታዬን ደግሞ ሳልሸሽግ እጽፋለሁ፤ ዋነኛው ጨውን የሚመለከት ነው። ሱቁ ከአፋር የሚመጣ ያልተቀነባበረ የድንጋይ ጨው «ምንም ያልተጨመረበት» በሚል ጽሑፍ ይሸጣል። እንደ እኛ ባለ ደጋ፣ ዝናብ አፈሩን ለዘመናት ባጠበበት አገር፣ ከምግብ የሚገኘው አዮዲን አነስተኛ ነው፤ በአያቶቻችን አንገት ላይ እናየው የነበረው እንቅርት የዚሁ ውጤት ነው። ከእንቅርቱም የከፋው፣ ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ሲጎድላት የፅንሱ አእምሮ በሚገባ አለማደጉ ነው። አንድ አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋቸዋል፤ ይህን ያህል ጥቃቅን መጠን ለሁሉም ሰው የሚደርሰው በጨው በኩል በመሆኑ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ያዛል። በዚህ ጉዳይ «ምንም ያልተጨመረበት» መባሉ ምስጋና ሊሆን አይችልም። ስለ ጓያ ያን ያህል የሚጠነቀቅ ቤት ለነፍሰ ጡር ደንበኛው እንዲህ ያለ ጨው ያለ ማስጠንቀቂያ መሸጡ አሳዝኖኛል። ባለቤቶቹን ሳነጋግራቸው በትሕትና አዳምጠውኛል፤ ይህን እስከጻፍኩበት ጊዜ ድረስ ግን ጨው ከመደርደሪያው አልተነሣም።

ሁለተኛው በብልቃጦቹ ላይ የሚጻፈው የፈውስ ተስፋ ነው። የሽፈራው ቅጠል ዱቄት ገንቢ ምግብ ነው፤ «ስኳርንና ግፊትን ያጠፋል» ተብሎ ሲጻፍበት ግን መድኃኒቱን አቁሞ በእርሱ የሚተማመን ታማሚ ሊኖር እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል። ለማሩም በተቃራኒው የጎደለ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ማር የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ በውስጡ ሊገኝ የሚችለው የባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ ከባድ መመረዝ ያስከትላልና። አራስ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ማር ይዞ መሄድ የተለመደ በሆነበት አገር ይህ በብልቃጡ ላይ በጉልህ ሊጻፍ ይገባል።

ዋጋው ከሰኞ ገበያ ይበልጣል፤ በእህሉ ላይ ልዩነቱ ጥቂት፣ በማርና በቅቤ ላይ ግን የሚሰማ ነው። ለተለቀመና ለተበጠረ እህል፣ ለታመነም ሚዛን የሚከፈል ነው ብዬ ስለማምን አላማረርኩበትም፤ ነገር ግን ደመወዝተኛ ሆኖ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ሁሉንም ከዚህ ልግዛ ቢል አይችለውም። የግቢው ቦታ ጠባብ ነው፤ በክረምት ጣራ ከሌለበት ወገን የተቀመጠ ይበሰብሳል፤ ከመንገዱ ወደ ጓሮው የሚያወርዱት ደረጃዎችም ለአረጋውያን አስቸጋሪ ናቸው። እውቀታቸውን የምንፈልገው ሰዎች አብዛኞቹ አረጋውያን በመሆናቸው ይህ ቀዳሚ ትኩረት ያሻዋል።

ወደዚያ ለመሄድ ላሰበ ሰው የምመክረው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ይሂዱ፤ ለትምህርቱ ቀደም ብለው ይድረሱ፣ ወንበሩ ቶሎ ይሞላልና። ሽሮውን፣ የሚፈጨውን ተልባ፣ የምንጭ ውሃ የጠጣውን ቆስጣና የኑግ ዘይቱን ከዚያ ቢገዙ ገንዘብዎ ከንቱ አይሆንም፤ ገብስና ባቄላ በብዛት የሚፈልጉ ከሆነ ግን ሰኞ ገበያ ይበቃዎታል። ጀሪካንና ብልቃጥ ታጥቦ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥበት ያለበትን አይሞሉም። ጨውን ለጊዜው ከሌላ ሱቅ፣ አዮዲን ያለበት መሆኑ በእሽጉ ላይ የተጻፈበትን ይግዙ።